የተጻፈው ቀንና እውነተኛው ቀን፦ በአሜሪካ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ስለሚያመለክቱ ልጆቻችን

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ስለሚደረገው ማመልከቻና ስለ ቀነ ገደቦቹ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፣ እውነቱን ለመናገር ርእሱ ለሐኪሞች ጉባኤ አነስ ያለ መስሎ ታይቶኝ ነበር። ቀን መቁጠር የመዝገብ ቤት ሥራ እንጂ የሐኪም ጉዳይ አይመስልም። ይሁን እንጂ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በየሠርጉና በየልቅሶ ቤቱ፣ «ልጄ ሐኪም መሆን ትፈልጋለችና እባክህ ምከርልኝ» ያልተባለ ከመካከላችን ማን አለ? በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በዳላስ፣ በሲያትልም ሆነ በሚኒያፖሊስ፣ ወላጆች መጀመሪያ የሚጠይቁት እኛን ነው። የምንሰጠው ምክር የተሳሳተ እንደሆነ ደግሞ ጉዳቱን የሚሸከመው ልጁ ነው። ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተምሬ ስለሆነ፣ አስቀድሜ እርሱን ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ወዳጄ ልጅ በጁን ወር መጀመሪያ ወደ ቤቴ መጣች። በትምህርቷ የታወቀች፣ በሆስፒታል በበጎ ፈቃድ ያገለገለች፣ ትሕትና ያላት ልጅ ነበረች። «ጋሼ፣ ማመልከቻዬ አልቋል፤ አሁን ላስገባው ወይስ ድርሰቱን ጥቂት ላሻሽለው?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም ልትገባባቸው የምትፈልጋቸውን ትምህርት ቤቶች መመሪያ ገልጬ ብመለከት፣ የመዝጊያው ቀን በኖቬምበር ውስጥ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ የአባትነት ወግ ይዞኝ፣ «ምን አስቸኮለሽ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አምስት ወር አለሽ» አልኳት። ልጅቱም ቃሌን አክብራ ድርሰቷን ስታሻሽል ቆይታ በኦክቶበር አጋማሽ አስገባች። በደንቡ መሠረት አልዘገየችም። ነገር ግን ማስረጃዋ ተመርምሮ ወደ ትምህርት ቤቶቹ እስኪደርስ፣ እነርሱም ተጨማሪ ጥያቄያቸውን ልከው መልሷን እስኪቀበሉ ድረስ ታኅሣሥ ገባ። የቃለ መጠይቁ ቀናት በአብዛኛው ተይዘው ነበር። አንድ ትምህርት ቤት ብቻ በማርች ጠራት፤ እርሱም በተጠባባቂዎች መዝገብ ላይ አስፍሯት በጋው ሳይጠራት አለፈ።

በተከታዩ ዓመት ያንኑ ማመልከቻ ከጥቂት ጭማሪ ጋር በጁን የመጀመሪያ ሳምንት አስገባች፤ የዚያው ዓመት የምስጋና ቀን ሳይደርስም ተቀባይነቷን የሚያበሥር ደብዳቤ ደረሳት። ዛሬ ሐኪም ናት፤ ወቅሳኝም አታውቅም። ያ የባከነ ዓመት ግን በእኔ ምክር የባከነ መሆኑን አውቃለሁ።

ለመሆኑ በዚህ ሀገር ለብዙ ዓመታት የሠራን ሰዎች ስለምን እንዲህ እንሳሳታለን? እንደ እኔ አስተያየት፣ ምክንያቱ ሁለት ልምዶች አእምሯችንን ስለቀረጹት ነው።

የመጀመሪያው ከሀገር ቤት ይዘነው የመጣነው ልምድ ነው። በኢትዮጵያ ተማሪው ብሔራዊ ፈተናውን ይወስዳል፤ ምርጫውን በቅጽ ሞልቶ ያስረክባል፤ ከዚያም ምደባውን ይጠብቃል። ቅጹን በመጀመሪያው ቀን ያስረከበውና በመጨረሻው ቀን ያስረከበው በእኩል ይታያሉ፤ የሚለያያቸው ውጤታቸው ነው። ቀነ ገደቡ እንደ ከተማ በር ነው፤ እስኪዘጋ ድረስ የደረሰ ሁሉ ይገባል።

ሁለተኛው ልምድ ከመካከላችን ብዙዎች በውጭ ሀገር ተምረን ወደ አሜሪካ የስፔሻሊቲ ሥልጠና የገባንበት መንገድ ነው። በዚያ መንገድ አመልካቹም ሆስፒታሎቹም የምርጫ ቅደም ተከተላቸውን በተወሰነው ቀን ያስገባሉ፤ ውጤቱም በማርች ወር በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሁሉም ይነገራል። እኛ ያለፍንበት ይህ ስለሆነ፣ ልጆቻችን የሚያልፉበትም እንደዚሁ ይመስለናል።

የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የአቀባበል ሥርዓት ግን ከሁለቱም ይለያል። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻውን የሚመለከቱት እንደ ደረሰበት ተራ ነው። የመዝጊያውን ቀን ሳይጠብቁ ቀድሞ የደረሰውን ቀድመው ያነባሉ፤ ቀድመው ለቃለ መጠይቅ ይጠራሉ፤ ቀድመውም ይቀበላሉ። ስለሆነም በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ውስጥ ያለው ወንበር እየተያዘ ይሄዳል። በየዓመቱ ከ50,000 በላይ ወጣቶች አመልክተው የሚገቡት 23,000 ያህሉ መሆናቸውን ስናስታውስ፣ የአንድ ወር መዘግየት ምን ማለት እንደሆነ ለመገመት አያዳግትም። እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ቁም ነገር ይህ ነው፦ በመመሪያው ላይ የተጻፈው ቀን የመጨረሻው በር የሚዘጋበት ቀን ሲሆን፣ ልጆቻችን ሊያስቡለት የሚገባው እውነተኛው ቀን ከዚያ በብዙ ወራት የቀደመ ነው።

አሁን የዓመቱን አካሄድ በቅደም ተከተል እንመልከት። ወራቱን የምጠራው በዚሁ ሀገር አቆጣጠር ነው፤ ቀኖቹ በየዓመቱ በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ስለሚሉ፣ ትክክለኛውን ቀን ከያንዳንዱ ዓመት መመሪያ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር የሚያስተዳድረውና በተለምዶ አምካስ ተብሎ የሚጠራው የማመልከቻ አገልግሎት ቅጹን የሚከፍተው በሜይ ወር መጀመሪያ ነው። ተማሪው ቅጹን መሙላትና ኮሌጁ ትራንስክሪፕቱን እንዲልክለት መጠየቅ የሚችለው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው። ማስገባት የሚቻለው በሜይ መጨረሻ ወይም በጁን መግቢያ ላይ ሲሆን፣ ተመርምረው ያለፉት ማመልከቻዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ትምህርት ቤቶቹ የሚተላለፉት በጁን መጨረሻ ነው። ገበሬያችን በሰኔ እንደሚዘራ ሁሉ፣ የዚህም ሥራ የዘር ወቅት ሰኔ መሆኑ ለወላጆች ለማስረዳት ይመቻል።

በመካከሉ ያለው ምርመራ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ነው። የአገልግሎቱ ሠራተኞች ተማሪው በቅጹ ላይ የጻፈውን እያንዳንዱን ኮርስና ውጤት ከኮሌጁ ከመጣው ትራንስክሪፕት ጋር ያመሳክራሉ። ማመልከቻው ወደዚህ ተራ የሚገባው ከገባና ትራንስክሪፕቶቹ ሁሉ ከደረሱ በኋላ ነው፤ ሥራ በሚበዛበት ጊዜ ምርመራው እስከ 6 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ለአንድ ክረምት ብቻ የተማረበት የማኅበረሰብ ኮሌጅ ትራንስክሪፕት ሳይደርስ ቢቀር፣ ጠቅላላው ፋይል እርሱን ይጠብቃል። በሌላ በኩል፣ የድጋፍ ደብዳቤዎችና የኤምካት ፈተና ውጤት ለዚህ ምርመራ አያስፈልጉም፤ በኋላ ሊደርሱ ይችላሉ። ብዙ ልጆች ይህን ባለማወቅ አንድ ደብዳቤ እስኪመጣላቸው ድረስ ማመልከቻውን ይዘው ተቀምጠው ወር ያባክናሉ።

ፋይሉ ለትምህርት ቤቶቹ ከደረሰ በኋላ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን ተጨማሪ ማመልከቻ ይልካል። ይህ በጁላይና በኦገስት የሚበዛ የጽሑፍ ሥራ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልሶ መላክ የተለመደ ምክር ነው። ቃለ መጠይቁ ከክረምቱ መጨረሻ ጀምሮ እስከ ተከታዩ ዓመት ፌብሩዋሪና ማርች ይዘልቃል። ትምህርት ቤቶቹ ለመደበኛ አመልካቾች የተቀባይነት መልስ መስጠት የሚጀምሩት ከኦክቶበር 15 ወዲህ ሲሆን፣ እስከ ማርች 15 ድረስ ቢያንስ በአንደኛ ዓመት ክፍላቸው ወንበር ልክ መልስ መስጠት እንዳለባቸው የኮሌጆቹ ማኅበር ሥርዓት ያመለክታል። እዚህ ላይ ላስተውላችሁ የምፈልገው፣ አንዳንድ ትምህርት ቤት ማመልከቻ መቀበሉን ሳይጨርስ ለሌሎች አመልካቾች ወንበር መስጠት መጀመሩን ነው።

ስለ ሁለት ልዩ መንገዶችም ጥቂት ልበል። አንደኛው ቀድሞ የመወሰን መንገድ የሚባለው ነው። በዚህ መንገድ ተማሪው እስከ ኦገስት 1 ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ያመለክታል፤ መልሱም እስከ ኦክቶበር 1 ይነገረዋል። ስሙ ሲሰማ የፈጠነ ይመስላል። ነገር ግን መልሱን እስኪያገኝ ድረስ ለሌላ ማመልከት ስለማይችል፣ ያልተቀበሉት ልጅ በኦክቶበር ከሁሉም ኋላ ሆኖ ይጀምራል። ስለዚህ አንዱን ትምህርት ቤት የሚመርጥበት ብርቱ ምክንያት ለሌለው ልጅ አይመከርም። ሁለተኛው የቴክሳስ ጉዳይ ነው። የዚያ ክፍለ ሀገር የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው የራሳቸው የማመልከቻ አገልግሎት አላቸው፤ እርሱም ማመልከቻ መቀበል የሚጀምረው በሜይ አጋማሽ ላይ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹ ከወንበራቸው 90 በመቶውን ለክፍለ ሀገሩ ነዋሪዎች ስለሚይዙ፣ በዳላስና በሂውስተን ያሉ ወገኖቻችን ይህን ዕድል በቀኑ ሊጠቀሙበት ይገባል። የኦስቲዮፓቲ ሕክምና ኮሌጆችም የተለየ ማመልከቻ ያላቸው ሲሆን፣ እርሱም በሜይ ይከፈታል።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

እስካሁን የዘረዘርኩት በመመሪያ ላይ የሚገኝ ነው። ልጆቻችንን ይበልጥ የሚጎዱት ግን ከሜይ በፊት ያሉት፣ ማንም ጮኾ የማይነግራቸው ቀኖች ናቸው።

ከእነዚህ ዋናው የኮሌጁ የቅድመ ሕክምና ኮሚቴ ቀን ነው። በብዙ ኮሌጆች ተማሪውን የሚያውቁ መምህራን በኮሚቴ ተሰብስበው አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፋሉ። ኮሚቴው የራሱ ቅጽ፣ የራሱ ቃለ መጠይቅና የራሱ ቀነ ገደብ አለው፤ ይህም ብዙ ጊዜ በማመልከቻው ዓመት የክረምት ብርድ ወራት ወይም ከዚያ ቀደም ብሎ ያልፋል። ወላጆቹ ሐኪሞች የሆኑ ልጅ ይህን በእራት ገበታ ላይ ይሰማል። አባቱ ታክሲ የሚነዳ፣ እናቱ በሌሊት ፈረቃ አረጋውያንን የምትንከባከብ ልጅ ግን ኮሚቴ መኖሩን የሚያውቀው ቀኑ ካለፈ በኋላ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የጉብዝና አይደለም፤ የወሬ ልዩነት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የኤምካት ፈተና ነው። ፈተናው በጃንዋሪ፣ ከዚያም ከማርች እስከ ሴፕቴምበር ባሉት ወራት ይሰጣል፤ ውጤቱም አንድ ወር ያህል ቆይቶ ይወጣል። በማመልከቻው ዓመት እስከ ኤፕሪል የተፈተነ ልጅ በጁን ውጤቱን ይዞ የት እንደሚያመለክት ያውቃል። በሴፕቴምበር የተፈተነው ግን ሌላው ሁሉ ቢሟላለት ፋይሉ እስከ ኦክቶበር ጎደሎ ነው። ከመኖሪያው አቅራቢያ ያሉ የፈተና ቦታዎች ቶሎ ስለሚሞሉ፣ ምዝገባው በተከፈተ ሰሞን መመዝገብ ይበጃል። እንዲሁም ፈተናውን በአንድ ዓመት ከ3 ጊዜ፣ በተከታታይ ሁለት ዓመታት ከ4 ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ ደግሞ ከ7 ጊዜ በላይ መውሰድ አይፈቀድም፤ ተመዝግቦ መቅረትም እንደ አንድ ጊዜ ይቆጠራል። ስለዚህ «እስቲ ልሞክረው» ተብሎ የሚገባበት ፈተና አይደለም።

ሦስተኛው የገንዘብ ነገር ነው። የኮሌጆቹ ማኅበር አቅም ለሌላቸው አመልካቾች የክፍያ ድጋፍ አለው፤ የፈተናውን ክፍያ ይቀንሳል፤ የማመልከቻውንም ክፍያ ለተወሰኑ ትምህርት ቤቶች ይሸፍናል። ነገር ግን ድጋፉ ወደ ኋላ አይሠራም፤ አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም። ስለዚህ ድጋፉን መጠየቅ ከፈተና ምዝገባው በፊት መሆን አለበት። የገቢ ማስረጃን ለማያውቁት ሰው ማሳየት ለወላጆቻችን እንደ ውርደት እንደሚታይ አውቃለሁ። ይህ ልመና ሳይሆን ለዚሁ ተብሎ የተመደበ መብት መሆኑን ከሐኪም አፍ ቢሰሙት ይቀበሉታል።

አራተኛው የስም ጉዳይ ነው፤ ይህ በተለይ የእኛ ነው። በእኛ ልማድ የልጅ ስም ከአባትና ከአያት ስም ጋር ይሄዳል እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ የለንም። በዚህም የተነሣ በመኖሪያ ፈቃዱ ላይ የአያቱ ስም፣ በትራንስክሪፕቱ ላይ የአባቱ ስም መጠሪያ ሆኖ የሚገኝ ልጅ ብዙ ነው። ገብረ ሥላሴ ወይም ወልደ ማርያም የሚለው ስም አንድ ቦታ ተጣብቆ፣ ሌላ ቦታ ተከፍሎ ይጻፋል። በፈተናው ምዝገባ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር ካልተመሳሰለ ልጁ በፈተናው ቀን ከበር ሊመለስ ይችላል፤ በማመልከቻውም ላይ ሌሎች የሚታወቅባቸው ስሞች በተዘጋጀው ቦታ ካልተጻፉ ማስረጃዎቹን ማገናኘት ይዘገያል። ይህን ለማስተካከል ወራት ስለሚያስፈልግ፣ ፈተናው ከመድረሱ ከአንድ ዓመት በፊት ሊታይ ይገባል።

በሀገር ቤት ኮሌጅ ጀምረው ለመጡት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። አምካስ በውጭ ሀገር የተወሰደ ትምህርትን አያረጋግጥም፤ በርካታ ትምህርት ቤቶችም አስፈላጊዎቹን የሳይንስ ኮርሶች በአሜሪካ ወይም በካናዳ ኮሌጅ እንዲወስዱ ይጠይቃሉ። ለእነዚህ ወጣቶች የቀን መቁጠሪያው የሚጀምረው ከማመልከቻው ሁለትና ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

ትናንሽ የሚመስሉ ሁለት ማሳሰቢያዎችም አሉኝ። በዚህ ሀገር ቀን ሲጻፍ ወር ይቀድማል፤ 10/5 ማለት ኦክቶበር 5 እንጂ ሜይ 10 አይደለም። የአምካስ ቀነ ገደብም የሚያበቃው በምሥራቁ ክፍል ሰዓት፣ በእኛ አነጋገር ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ላይ ነው። በሲያትል ያለው ልጅ ገና ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ59 ሳለ ቀኑ ያልቅበታል።

ተቀባይነት ካገኙም በኋላ ቀን አለ። ከአንድ በላይ ትምህርት ቤት የተቀበለው ልጅ እስከ ኤፕሪል 30 ድረስ ሊገባ ያሰበበትን አንዱን መርጦ ሌላውን መልቀቅ ይጠበቅበታል። አንዳንድ ወላጆች «ሁሉንም ይዞ ይቆይ፤ ምን ይጎዳዋል?» ይላሉ። እርሱን ባይጎዳው፣ በተጠባባቂዎች መዝገብ ላይ ሆኖ ስልክ የሚጠብቅ ሌላ ልጅ አለ፤ ያም ልጅ የጎረቤታችን ልጅ ሊሆን ይችላል። ያቺ የወዳጄ ልጅ ያን በጋ እንዴት እንዳሳለፈችው ያየሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ይህን ቀን ከጽሕፈት ሥራ ይልቅ እንደ ሥነ ምግባር ጉዳይ እቆጥረዋለሁ።

ሆኖም ንግግሬ ወደ ሌላው ጽንፍ እንዳይወስደን እሰጋለሁ። ቀድሞ መድረስ ደካማውን ማመልከቻ ብርቱ አያደርገውም። ፈተናውን ያልተዘጋጀበት፣ ከበሽተኛ ጋር ጊዜ ያላሳለፈ፣ ስለምን ሐኪም መሆን እንደፈለገ በጽሑፍ ማስረዳት ያልቻለ ልጅ በጁን 1 ቢያስገባ የሚያገኘው ቶሎ የመጣ እምቢታ ነው። ለእርሱ የሚሰጠው ቅን ምክር «ዘንድሮ ይለፍህ፤ በሚመጣው ሰኔ ተዘጋጅተህ ግባ» የሚል ነው። ለእኔ ወጣት የተናገርኩት ተረት በራሱ ሐሰት አልነበረም፤ የተሳሳትኩት የተዘጋጀችውን ልጅ እንዳልተዘጋጀች አድርጌ በማስቆየቴ ነው። የመካሪ ችሎታ ሁለቱን መለየት ላይ ነው፤ ይህም ከምናውቀው የምርመራ ጥበብ የራቀ አይደለም።

በመጨረሻም ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በየዓመቱ በጃንዋሪ እነዚህን ቀኖች የያዘ አንድ ገጽ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅተን፣ ለአብያተ ክርስቲያናት፣ ለመስጊዶችና ለማኅበረሰብ ማእከሎች እናድል። ወላጆች በቋንቋቸው ካነበቡት፣ ልጃቸውን ምን ብለው እንደሚጠይቁ ያውቃሉ። ሁለተኛ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በየከተማው አንድ አንድ አባል ተመድቦ፣ የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪዎችን ስለ ኮሚቴው፣ ስለ ክፍያ ድጋፉና ስለ ስማቸው ያነጋግር። ሦስተኛ፣ እኛው የድጋፍ ደብዳቤ የምንጽፍ ሐኪሞች ደብዳቤውን በተጠየቅን በአንድ ወር ውስጥ እንጨርስ። ልጁን ቀን አክብር እያልን የእኛን ደብዳቤ በልመና የሚያስጠብቀን ከሆነ፣ ምክራችን ከአፍ አያልፍም።

አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ። በኖቬምበር የሚሰጥ ምክር እንደዚያ ያለ ጩኸት ነው። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ከተሰበሰብነው እያንዳንዳችን ወደ ሕክምና የሚያስብ አንድ ልጅ ሳናውቅ አንቀርም። ወደየቤታችን ስንመለስ ለዚያ ልጅ ደውለን «ስንተኛ ዓመት ደረስክ? ኮሚቴህ መቼ ነው የሚሰበሰበው?» ብለን ብንጠይቀው፣ የዛሬው ጉባኤ ሥራውን ሠርቷል እላለሁ።